በወጣትነት ዕድሜ የሚጸና የመገጣጠሚያ ሕመም፦ ምንነቱ፣ ሕክምናውና አብሮት መኖር

በኢትዮጵያ ሳለን ቁርጥማት ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ምርኩዙን ይዞ ፀሐይ የሚሞቅ አረጋዊ ነበር። ስለዚህ የሃያ ወይም የሠላሳ ዓመት ወጣት «ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ፣ ጉልበቴ አበጠ፣ ወገቤ ሌሊት ያስነሣኛል» ሲል፣ ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ «ብርድ መትቶህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አሠሪው ደግሞ ልግመኛ ይለዋል። ወጣቱም ራሱ፣ ፊቱና አቋሙ የጤነኛ መስሎ እየታየ መታመሙን መናገር ያሳፍረዋል። ነገር ግን ከባድ ከሚባሉት የመገጣጠሚያ ሕመሞች መካከል በርከት ያሉት በወጣትነት ዕድሜ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ እንዲያውም ከ45 ዓመት በኋላ መጀመራቸው እምብዛም የማይታይ አሉ።

ይህ ገለጻ ለታማሚው ወጣት፣ ለወላጆቹና ለትዳር ጓደኛው እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ሆኖም አንድ ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ ምን መናገር፣ ምን መጠየቅና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ወራት የሚፈጅ መንከራተት ሊያጥርለት ይችላል።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

መገጣጠሚያ ማለት ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ በልም አጥንት የተሸፈነ ሲሆን፣ ዙሪያውን ደግሞ ስስ የሆነ የውስጥ ሽፋን ይከበዋል። ይህ ሽፋን የሚያመነጨው ጥቂት ፈሳሽ፣ ዘይት የበር ማጠፊያን እንደሚያለሰልስ ሁሉ፣ አጥንቶቹ ሳይፋተጉ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል።

ሐኪሞች የመገጣጠሚያን ሕመም በመጀመሪያ በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ከሥራ ጫና፣ ከጉዳት ወይም ከሰውነት ክብደት የሚመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያጸዳ የሚውል፣ በፋብሪካ ከባድ ሣጥን የሚያነሣ፣ በኳስ ጨዋታ ጉልበቱ የተጠመዘዘ ወጣት የሚሰማው ሕመም በሥራ ይብሳል፣ በዕረፍት ይቀላል። ጠዋት የሚሰማው መተሳሰርም በጥቂት ደቂቃዎች ይለቃል።

ሁለተኛው ከብግነት የሚመጣ ነው፤ በዕብራይስጥ ዳለከት ይባላል። የዚህ ጠባይ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ሕመምተኛው ከተኛ ወይም ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ በኋላ ይብስበታል። ጠዋት ሲነሣ ሰውነቱ እንደታሰረ ሆኖ፣ እስኪፍታታ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም አንድና ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ሲዳሰስም ይሞቃል። በእንቅስቃሴ ግን እየቀለለው ይሄዳል። የእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ምክንያት ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ኃይል መሳሳት ነው። ቤትን እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ የቤቱን ባለቤት ሌባ መስሎት እንደሚደበድብ፣ ከተሕዋስያን ሊጠብቀን የተፈጠረው ኃይል የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይወጋዋል። ካልተገታም ልም አጥንቱንና አጥንቱን ይበላል፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። ጉዳዩ አስቸኳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሕመሙ ከጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕክምና ያገኘ ሰው፣ ዓመታት ቆይቶ ከመጣው ይልቅ መገጣጠሚያው ሳይጎዳ የመኖር ዕድሉ እጅግ የሰፋ ነው።

በዚህ ክፍል ከሚመደቡት አንዱ ሩማቶይድ አርትራይቲስ ነው። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በሁለቱም እጆች ወይም እግሮች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ሌላው የአከርካሪ ብግነት ነው። ይህ ከ3 ወር በላይ የቆየ የወገብና የመቀመጫ ሕመም ሆኖ፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ተነሥተው ሲንቀሳቀሱ የሚቀል ነው። ከቆዳ በሽታ፣ ከአንጀት ቁስለት ወይም ከዓይን መቅላት ጋር የሚመጣም አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ጉልበትዎ ሊነግሩት ሄደው ስለ ዓይንዎና ስለ ሆድዎ ቢጠይቅዎ፣ ነገር አቋርጦ እንዳይመስልዎት።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች በተለይ መታሰብ ያለባቸው ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ጉሮሮው ታሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም የያዘው ልጅ ወይም ወጣት፣ ልብን የሚጎዳ የሩማቲክ ትኩሳት ሊኖረው ይችላል። ያልፈላ ወተት ወይም ከእርሱ የተሠራ አይብ የሚመገብ ሰው፣ ላብ፣ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ከያዘው ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ መመርመር ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳም በአከርካሪና በመገጣጠሚያ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለማዘጋጀት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በተራራማው ሀገራችን ቀኑን ሙሉ በሜዳ ስንውል ይህ አይታወቀንም ነበር፤ እዚህ ግን ከቤት ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ፋብሪካ ስንገባ ቫይታሚኑ ይጎድላል። ጉድለቱ የአጥንትና የጡንቻ ሕመም ያመጣል። በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል፣ በጠብታ ወይም በክኒንም ይታከማል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎና አላንቀሳቅስ ብሎ ትኩሳት ከተጨመረበት በዚያው ቀን ወደ ሚዩን መሄድ ይገባል፤ ተሕዋስያን ገብተውበት ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያጠፉታልና። የወገብ ሕመም ከእግር መዛል፣ ከመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ወይም ሽንትን ካለመቆጣጠር ጋር ሲመጣም እንዲሁ ነው።

ለሐኪሙ ምን እንንገረው?

በእኔ አስተያየት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው። አማርኛችን ለሕመም ብዙ ቃላት አሉት። ይቆረጥመኛል፣ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ይነዝረኛል እንላለን፤ እያንዳንዱም የተለየ ነገር ያመለክታል። ማቃጠል፣ መደንዘዝና መንዘር ከነርቭ ሊመጣ ይችላል። ሌሊት ሌሊት የሚጠዘጥዝ ሌላ ነው፣ ሲረግጡ ብቻ የሚወጋ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሀብት ግን ወደ ዕብራይስጥ ሲተረጎም «ኮኤቭ ሊ» በሚሉት ሁለት ቃላት ያልቃል። ሐኪሙ ያመመን መሆኑን እንጂ እንዴት እንዳመመን አይሰማም። «ሰውነቴን ሁሉ ያመኛል» ሲባል ደግሞ፣ በእኛ ዘንድ የሕመሙን ክብደት ለመግለጽ የተነገረ ሆኖ ሳለ፣ በሐኪሙ ጆሮ የተለየ ቦታ የሌለው፣ ምናልባትም ከሐሳብ የመጣ ሕመም ይመስላል።

ስለዚህ በጣትዎ ያሳዩ። ያበጠውን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ይጠቁሙ። ሐኪሙን ባገኙበት ቀን እብጠቱ ሊጎድል ስለሚችል፣ ባበጠበት ጠዋት በስልክዎ ፎቶግራፍ አንሥተው ይዘው ይሂዱ። ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ ጣትዎ ሙሉ በሙሉ እስኪጨበጥ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሰዓት ይለኩ። «ጠዋት ያስረኛል» ከማለት ይልቅ «ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ያስረኛል» ማለት ምርመራውን ያፋጥነዋል፤ ሰዓቱን ግን በእስራኤል አቆጣጠር መናገርዎን ያረጋግጡ። የሚከተሉት የዕብራይስጥ ቃላትም ይጠቅማሉ፦ ሚፍራኪም መገጣጠሚያዎች፣ ነፊሑት እብጠት፣ ኖክሹት ቦከር ደግሞ የጠዋት መተሳሰር ነው። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሐኪሙን ቀና ብሎ እንዲያዳምጥ የሚያደርግ ቃል ነው።

ስለ አስተርጓሚም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ለእናቱ ማስተርጎም የተለመደ ሆኗል። ልጁ ዕብራይስጡን ያውቅ ይሆናል፤ ቁርጥማትና ውጋትን መለየት ግን አይችልም፤ እናቱም የወር አበባዋን ጉዳይ በፊቱ አትናገርም። በኩፓት ሖሊምዎ አማርኛ የሚናገር አገናኝ ሠራተኛ ወይም በስልክ የሚያስተረጉም አገልግሎት መኖሩን ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕዝቡ ቋንቋና ባህል ተስማሚ እንዲያደርጉ አዝዟል። በ1996 የወጣው የታካሚ መብቶች ሕግም ታካሚው ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው በሚገባው አኳኋን እንዲነገረው፣ ከፈለገም የሌላ ሐኪም አስተያየት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። (በዚህ ገለጻ ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ምርመራውና ከመድኃኒት በፊት መነገር ያለበት

የቤተሰብ ሐኪሙ ብግነት ከጠረጠረ ደም ያስመረምራል፤ ወደ ሩማቶሎግም ሃፍናያ ይጽፋል። ሩማቶሎግ ማለት የመገጣጠሚያ ብግነት ሐኪም ነው፤ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ከሆነው ከኦርቶፔድ ጋር አይምታታብዎ። ቀጠሮው ሊርቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩ የሚያስቸኩል ከሆነ የቤተሰብ ሐኪሙ በሃፍናያው ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የደም ምርመራው ጥሩ ነው ማለት ሁልጊዜ ሕመም የለም ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወጣቶች «ምርመራህ ደኅና ነው» ሲባሉ ተስፋ ቆርጠው ይቀራሉ። እብጠቱና የጠዋቱ መተሳሰር ከቀጠለ ግን ተመልሶ መሄድ ይገባል።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከየት እንደመጡ መናገር ዋና ነገር ነው፤ በእስራኤል ሃያ ዓመት የኖሩ ቢሆኑም እንኳ። ምክንያቱም ብግነትን የሚገቱት መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ኃይል ስለሚያዳክሙ፣ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የኖረ በሽታ ሊነቃ ይችላል። በልጅነት የገባ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ምንም ሳያሳምም ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ይኖራል፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይቲስ ቢም እንዲሁ። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው የአንጀት ትል ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ የሚችል ሲሆን፣ ሰውየው ኮርቲዞን በወሰደ ጊዜ ተራብቶ ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሦስቱም አስቀድሞ በምርመራ ይታወቃሉ፣ ሕክምናም አላቸው። ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ቢቀር እርስዎ ያስታውሱት።

ስለ ነጭ የደም ሕዋስም እንዲሁ። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ሰዎች የአንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋሳቸው ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህም በሽታ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ ሐኪሙ መድኃኒቱ ያደረሰው ጉዳት ይመስለውና ሕክምናውን ያቋርጠው ይሆናል። የቀድሞ የደም ውጤቶችዎ ካሉ ይዘው ይቅረቡ፤ ማነጻጸሪያ ይሆናሉና።

መድኃኒቶቹ

እንደ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን ያሉት ማስታገሻዎች ሕመሙንና እብጠቱን ያቀላሉ፤ የበሽታውን ሥር ግን በአብዛኛው አይነቅሉም። በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊትን ይጎዳሉ። አንዱን ከኩፓት ሖሊም፣ ሌላውን ከጎረቤት ተቀብሎ ሁለቱን አብሮ መዋጥ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አያበዛም፤ የንግድ ስማቸው ቢለያይም አንድ ዓይነት ናቸው። ኮርቲዞን በቶሎ ያሽራል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው።

የበሽታውን አካሄድ ከሚለውጡት መድኃኒቶች ዋነኛው መቶትሬክሳት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ በጥሞና እንዲያነብ እለምናለሁ። ለመገጣጠሚያ ሕመም መቶትሬክሳት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ቢወሰድ ይመርዛል፤ በዚህ ስሕተት ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ክኒን ማለት በየቀኑ የሚዋጥ ነው ብለን ስለለመድን፣ የዕብራይስጡን ማዘዣ በሚገባ ለማያነብ ሰው አደጋው ቅርብ ነው። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር አንድ ቀን ይምረጡ፤ ማክሰኞ ከሆነ «ማክሰኞ» ብለው በአማርኛ በትልቁ በሣጥኑ ላይ ይጻፉ፤ በቤት ውስጥ ለሌላ አንድ ሰውም ይንገሩ። ከእርሱ ጋር የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን የመድኃኒቱን ጉዳት ያቃልላል። አረቄ፣ ጠላና ሌላም አልኮል በዚህ ጊዜ ጉበትን ስለሚጎዳ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይገባል። መድኃኒቱ ሥራውን ለማሳየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ዘር ዘርቶ በሳምንቱ እሸት እንደ መፈለግ ነው።

መቶትሬክሳት ያልበቃው ሰው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋሉት ባዮሎጂያዊ የሚባሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉት። በጣም ውድ ናቸው፤ ሆኖም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የብሔራዊ ጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት፣ የተወሰነውን የሕክምና መስፈርት ለሚያሟላ ሰው በመድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ሳሉ ትኩሳት ከመጣብዎ አይጠብቁ፤ ሐኪም ይዩ።

የሀገር ቤቱን ሕክምና በተመለከተ አባቶቻችንን ለመናቅ አልሻም። ፍል ውኃ የታሰረ ሰውነትን ያፍታታል፤ በጥብርያና በሙት ባሕርም ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ለዚሁ ይታጠባሉ። ቅባት መታሸትም ያበጠና የጋለ ቦታ ካልሆነ አይጎዳም። በዋግምት መበጣትና በእሳት መተኮስ ግን የመከላከያ ኃይሉ በመድኃኒት ለተዳከመ ሰው የቁስል መመረዝን ያመጣል። «ለሪህ ፍቱን ነው» ተብለው ከገበያ የሚገዙ ምንነታቸው ያልተጻፈ ዱቄቶችና ክኒኖችም በየሀገሩ ሲመረመሩ፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ ኮርቲዞን ተደብቆ ተገኝቷል። ለሁለት ሳምንት እንደ ተአምር የሚያሽሩትም ስለዚህ ነው።

የዕለት ኑሮ

ከሕመሙ ጋር የሚኖር ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በደኅናው ቀን ነው። ቀለል ባለው ቀን የተጠራቀመውን ልብስ ያጥባል፣ ቤቱን ይወለውላል፣ ለሳምንት የሚበቃ እንጀራ ይጋግራል፤ ከዚያም ሦስት ቀን ይተኛል። ከዚህ ይልቅ ሥራውን ከፋፍሎ፣ ሰውነቱ ሳያስገድደው አስቀድሞ ማረፍ ይሻላል። እስኪያም ድረስ ሠርቶ ማረፍ ሳይሆን፣ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ ነው። በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ መተኛት ጡንቻን ያመነምናል፤ መገጣጠሚያን የሚደግፈው ደግሞ ጡንቻ ነው። በእግር መሄድ፣ በሞቀ ውኃ ውስጥ መዋኘትና የፊዚዮተራፒ እንቅስቃሴ በየቀኑ በጥቂቱ ቢደረግ ይጠቅማል። ጠዋት የታሰረውን ሙቅ ውኃ ይፈታዋል፤ አብጦ የጋለውን ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያስታግሰዋል። ሲጋራ የሩማቶይድን ሕመም ያብሳል፤ የመድኃኒቱንም ኃይል ይቀንሳል።

በቤታችን ውስጥ ትንሽ ማሻሻል ብዙ ሕመም ያስቀራል። የኤሌክትሪኩን ምጣድ ከመሬት አንሥተው በወገብ ልክ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ሊጡን በትልቅ ዕቃ በአንድ እጅ ከማፍሰስ፣ በትንሽ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጅ ያፍስሱ። ቡና ለመውቀጥ ከዘነዘና ይልቅ የኤሌክትሪክ መፍጫ ይጠቀሙ። የቡናው ሥርዓት በበርጩማ ላይ ካልሆነ አይደምቅም የሚል ካለ፣ ጉልበቱ ያልታመመ ሰው ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር አምጥተው ይቀመጡ። የገበያ ከረጢት በጣት ከሚንጠለጠል በክንድ ወይም በጀርባ ይያዝ። በኩፓት ሖሊም ሪፑይ በኢሱክ የሚባለው ክፍል እነዚህን ዘዴዎች ያስተምራል፤ የጣት መደገፊያም ያዘጋጃል።

ጾም ሲመጣ ማስታገሻን በባዶ ሆድ መዋጥ እንደማይገባ ያስታውሱ። በስግድም ሆነ በዮም ኪፑር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በዓሉ ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ሐኪሙንና ቄሱን ወይም ረቢውን ቢጠይቅ፣ በጾሙ ዋዜማ ከመጨነቅ ይድናል።

ስለ ለቅሶና ስለ ሠርግም መናገር ግድ ነው። ከቂርያት ጋት ወደ ሐይፋ ለቅሶ ለመድረስ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተቀምጦ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ማመላለስና ወጥ መሥራት ከወጣቶች የሚጠበቅ ነው። የቀረ ሰው ይታማል። ይህን ለማቃለል የሚቻለው ከቤተሰቡ መካከል የሚከበር አንድ ሰው፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም፣ ሕመሙን ዐውቆ «እርሷ ትምጣ እንጂ አትሠራም» ብሎ ሲናገርላት ነው። ታማሚዋ ራሷ ብትናገር ማመካኛ ይመስላል። ይህ ፍትሐዊ ባይሆንም በተግባር የሚሠራው እንዲህ ነው።

ትዳርና ልጅ መውለድ

እስከ ሰባት ትውልድ ዘር በሚቆጠርበት ማኅበረሰባችን፣ ወላጆች የልጃቸውን ሕመም የሚደብቁት ለክፋት አይደለም፤ «ዘራቸው ሕመምተኛ ነው» እንዳይባል ነው። ስለዚህ እውነቱ ይታወቅ፦ እነዚህ ሕመሞች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ዝንባሌው በቤተሰብ ውስጥ ሊኖር ቢችልም፣ ሩማቶይድ ካለባት እናት የሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ በሕመሙ አይያዙም። ሕመሙን ለእጮኛ መቼና እንዴት መናገር እንደሚገባ የሚወስነው ታማሚው ነው። ነገር ግን ከጋብቻ በኋላ በመድኃኒት ሣጥን የተገለጠ ሕመም፣ ከሕመሙ ይልቅ መደበቁ ጠብ ሲያመጣ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መቶትሬክሳት ጽንስን ይጎዳል። የምትወስደው ሴት እርግዝናን መከላከል አለባት፤ የመከላከያውን ዓይነት ግን፣ ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባት ቋንቋ ተነግሯት፣ የምትመርጠው እርሷ ራሷ ናት። ልጅ ስትፈልግ ወራት አስቀድማ ለሩማቶሎጉ ብትነግረው፣ በእርግዝና ጊዜ ወደሚፈቀድ መድኃኒት ይለውጥላታል። ብዙ ሴቶች በዚህ መንገድ ጤናማ ልጆች ወልደዋል። ሳታስበው ያረገዘች ሴትም በዚያው ቀን ትደውል እንጂ በፍርሃት አትደበቅ።

ሠራዊት፣ ሥራና መብት

ለሠራዊቱ ምልመላ የመጀመሪያው ጥሪ ሲደርስ የሩማቶሎጉን ደብዳቤና የምርመራ ውጤቶችን ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። የጤናው መለኪያ ፕሮፊል ይባላል፤ ከፍተኛው 97 ሲሆን፣ 21 ከአገልግሎት ነጻ የሚያደርግ ነው። በተዋጊ ክፍል ለማገልገል ጓጉተው ሕመማቸውን የሚደብቁ ወጣቶች አሉን። ጉጉታቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ከባድ ሸክም ያበጠን መገጣጠሚያ ይሰብራል። ከአገልግሎት ነጻ የተደረገ ሰው በፈቃደኝነት ለማገልገል ሊያመለክት፣ ወይም በሼሩት ሌኡሚ ሊሠራ ይችላል።

በሥራ ቦታ ሕመም ሲጠና ከኩፓት ሖሊም ሐኪም ኢሹር ማሐላ መውሰድ ይገባል። በ1976 በወጣው የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያው ቀን ክፍያ የለም፤ ለ2ኛውና ለ3ኛው ቀን የደመወዙ እኩሌታ፣ ከ4ኛው ቀን ጀምሮ ሙሉው ይከፈላል። ቀኖቹ በወር አንድ ተኩል እየሆኑ እስከ 90 ቀን ይጠራቀማሉ። ያለ ወረቀት ቤት የቀረ ሰው ግን ይህን ሁሉ ያጣል። በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግ ደግሞ አሠሪው ምክንያታዊ ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ለምሳሌ ቆሞ የሚሠራውን ማስቀመጥ ወይም የሥራ ሰዓትን ማሻሻል። ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ ይሻላል።

ሕመሙ የመሥራት ችሎታን በብርቱ የቀነሰበት ሰው ለቢቱዋሕ ሌኡሚ የአጠቃላይ ጉዳተኝነት አበል ሊያመለክት ይችላል። በመሠረቱ 60 በመቶ የሕክምና ጉዳተኝነት ያስፈልጋል፤ ወይም ከጉዳቶቹ አንዱ ብቻውን ቢያንስ 25 በመቶ ከሆነ በጠቅላላው 40 በመቶ ይበቃል። ከዚህም በተጨማሪ ገቢ የማግኘት ችሎታው ቢያንስ በእኩሌታ መቀነሱ ይታያል። አበሉ ባይፈቀድም እንኳ ቢያንስ 20 በመቶ ያለው ሰው ለሙያ ማሠልጠኛ መጠየቅ ይችላል። በእጁ መሥራት ላቃተው ወጣት ከጥቂት አበል ይልቅ አዲስ ሙያ የሚጠቅመው ይመስለኛል።

ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ የሚሆነውን ልንገርዎ። ሐኪሙ በር ሲከፈት «ማ ሽሎምኻ?» ይላል። እኛም እንደ ልማዳችን ብድግ ብለን፣ እጅ ነሥተን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» እንላለን። ይህ ለእኛ ሰላምታ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን «ሁኔታው ጥሩ እንደሆነ ገልጿል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ምስጋናውን አያስቀሩ፤ ወዲያው አስከትለው ግን «ሕመሜን ለመናገር መጥቻለሁ» ይበሉ። ስለ መጥፎው ቀንዎ ይናገሩ፦ ቁልፍ መክፈት እንዳቃተዎ፣ ልጅዎን ማቀፍ እንዳልቻሉ፣ ልብስዎን ማን እንደሚቆልፍልዎ። በእኛ ዘንድ ገመናን ለባዕድ መዘርዘር ነውር ቢሆንም፣ ያልተነገረውን ኮሚቴው ሊጽፍ አይችልም።

ውሳኔው በፖስታ በዕብራይስጥ ተጽፎ ይመጣል። ይግባኝ ለማለት የተፈቀደው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነና በዚያው ደብዳቤ ላይ ስለሚጻፍ፣ ደብዳቤውን በደረሰበት ሳምንት በአካባቢዎ ወዳለ የማኅበራዊ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አምጥተው ያስነብቡት።